«ዲር ሰር» ለጦጣ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ሰውን አንቱ የምትሉት በምንድን ነው?

አትቸኩሉ። እንግሊዝኛ እንደምትችሉ አውቃለሁ። አልችልም የሚል የአገሬ ሰው ናይሮቢ ውስጥ ገጥሞኝ አያውቅም። የምጠይቀው ስለ ችሎታችሁ አይደለም። የምትጽፉለት ሰው የአባታችሁ እኩያ ሲሆን፣ ወይም አለቃችሁ ሲሆን፣ ወይም የምታድሩበት ጣሪያ በእጁ ሲሆን፣ ያቺን ለጳጳሱም ለውሻውም እኩል የምትታደል «ዩ» ይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ ነው የምላችሁ።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። «ዩ»ን ራሷን መለወጥ ስለማይቻል ዙሪያዋን አለብሳታለሁ። ከፊቷ «ዲር ሰር» ወይም «ዲር ማዳም» አቆማለሁ። ከኋላዋ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» አስከትላለሁ። መሀል ላይ «በትሕትና ላሳስብ እወዳለሁ»፣ «መልካም ፈቃድዎ ቢሆን»፣ «አፋጣኝ ትኩረትዎን እንደማይነፍጉኝ እተማመናለሁ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ እደረድራለሁ። ያቺ ራቁቷን የነበረች «ዩ» ካባ ለብሳ፣ በአጃቢ ታጅባ ትወጣለች። አንቱ ሆነች ማለት ነው። እኔ ሌላ መንገድ አላውቅም፤ አሁን ደግሞ አዲስ መንገድ የምማርበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

አንቱታ ሁልጊዜ አክብሮት እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። አባቴ እኔን ልጁን አንድ ጊዜ ብቻ አንቱ ብሎኛል። ከጓደኞቼ ጋር ሲኒማ ገብቼ፣ ሳልናገር፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እየተሽሎከሎክሁ በጓሮ በር ስገባ ወንበሩን እዚያው በር ላይ አድርጎ ተቀምጧል። «ገቡ እንዴ እሜቴ? ራት ይቅረብልዎ?» አለኝ። አልመታኝም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። በቀበቶ ቢገርፈኝ እመርጥ ነበር። ቆዳ ይሽራል። ከአንቺ ወደ አንቱ የተባረረ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ ወደ ቤቱ አይመለስም። እናቴ አማልዳኝ ነው በሦስተኛው ቀን «አንቺ» ያለኝ። አለቀስኩ። «ውሃ አምጪልኝ አንቺ» ነበር ያለው፤ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የጣፈጠ ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም።

የእንግሊዝኛውን አንቱታ ያስተማሩኝ ሚስስ ኩሪያን ናቸው። ከደቡብ ህንድ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው እኛን ልጃገረዶቹን ደብዳቤ መጻፍ ያሰለጠኑ፣ ጉንጉናቸው በዘይት የሚያብረቀርቅ፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ጭንቅላታቸውን ወዲህና ወዲያ ሲወዘውዙ አዎ ማለታቸው ይሁን አይደለም ማለታቸው እስኪገባን ግማሽ ዓመት ፈጅቶብናል። ሕጋቸው ግን አይወዛወዝም። የምትጽፉለትን ሰው ስም የማታውቁ ከሆነ «ዲር ሰር» ትሉና «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ስሙን የምታውቁ ከሆነ በስሙ ጠርታችሁ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ትላላችሁ። ያቀላቀለች ልጅ ወዮላት። ቆይቼ ሳስበው ነው የገረመኝ። ለማታውቀው ሰው ታማኝነት፣ ለምታውቀው ቅንነት። ሁለቱን ለአንድ ሰው መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው።

ይህን ትምህርት ይዤ ነው ለሁለት ዓመት ብዬ ናይሮቢ የመጣሁት። እግዜር ሲፈልግ ሁለት ዓመትን እንዴት እንደሚያስረዝማት አትጠይቁኝ። ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ የሰው ሪፖርት ሳቃና፣ በሰው እንግሊዝኛ ላይ ኮማ ሳሰፍር አረጀሁ። ስገባ አለቆቹ «ዲር ኮሊግስ» ይሉ ነበር። ከጊዜ በኋላ «ዲር ኦል» ሆነ። ከዚያ አንድ ቁምጣ ለብሶ ቢሮ የሚመጣ ወጣት አለቃ ተሾመና «ሃይ ቲም» ማለት ጀመረ። እኔ ቲም ሆኜ አላውቅም፤ በትምህርት ቤት እንኳ መረብ ኳስ ሲጫወቱ መጽሐፌን ይዤ ዛፍ ሥር ነበርኩ። የጡረታዬ ነገር ሲደርስም የነገረኝ በዚሁ ቋንቋ ነው። «ሃይ!» ይላል መጀመሪያው፤ መጨረሻው ላይ አንዲት ቢጫ ፊት ጥርሷን አሳይታኝ ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በ«ሃይ» ተሰናበትኩ። በ«ዲር ማዳም» ደግሞ እንዴት ከቤቴ እንደወጣሁ ስሙኝ።

ቤቴ ፓርክላንድስ ነበር። የራሴ አልነበረም፤ «ቤቴ» የምለው ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለኖርኩበት ነው። በአንድ የህንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ በረንዳ። በረንዳዋ ላይ ጃካራንዳው ያጎነብሳል። በጥቅምት ሐምራዊ አበባውን ወለሉ ላይ ይዘረግፈዋል፤ በባዶ እግር ስትረግጡት ትንሽ የሚያሟልጭ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነው። ናይሮቢ ውስጥ አንብቤ የጨረስኳቸውን መጻሕፍት ሁሉ ያነበብኩት እዚያ ዛፍ ሥር ነው። በቅርንጫፉ ላይ ደግሞ ጦጦች ይመላለሳሉ። የፓርክላንድስ ጦጣ ታውቁ እንደሆነ፣ ከሰው ፊት ሰርቆ ከሰው ፊት የሚበላ ዓይነ ደረቅ ፍጡር ነው።

የአከራዬ ልጅ ሪና ትባላለች። ስንገናኝ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ በረንዳዬ ላይ ትመጣለች፤ «ኦንቲ»፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ ትለኛለች፤ እንግሊዝኛ አስተምራታለሁ። ከህንድ መምህርት የተቀበልኩትን ለህንድ ልጅ መመለሴ ደስ ይለኝ ነበር። የተዋስኩትን ዕቃ ለባለቤቱ እንደማድረስ ያለ ደስታ።

አንድ ቅዳሜ እናቷ የላከችልንን ሳምቡሳ በረንዳው ላይ አስቀምጠን ሳለ፣ አንድ ትልቅ ጦጣ ከጃካራንዳው ዘሎ ወርዶ ሳህኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ወጣ። ሪና ልትሞት ደረሰች፤ እየጮኸች ድንጋይ ፈለገች።

«ድንጋዩን ተይውና አቤቱታ ጻፊለት» አልኳት።

«ለጦጣ?»

«ለጦጣ! በደንብ አድርገሽ።»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና እርሳሷን አነሳች። «ምን ብዬ ልጀምር?»

«ስሙን ታውቂዋለሽ?»

አሰበች። «አላውቀውም።»

«ስለዚህ?»

«ዲር ሰር!» አለች፤ በወለቁት ጥርሶቿ መሀል ምራቋ እየተፈናጠረ። «መጨረሻው ዩርስ ፌይዝፉሊ!»

ጻፈች። ዛፉ ላይ ሰቀልነው። ማታ ደግሞ እኔ ቁጭ ብዬ ጦጣውን ወክዬ መልስ ጻፍኩ። «ዲር ማዳም፣ ሳምቡሳውን በተመለከተ የላኩልኝ አቤቱታ ደርሶኛል። ሳምቡሳው አሁን በሚመለስበት ሁኔታ ላይ አለመሆኑን ስገልጽልዎ በታላቅ ኀዘን ነው።» በማግስቱ አነበበችውና ሣር ላይ ተንከባለለች። ማዳም ሲሏት በሕይወቷ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እኔና እሷ ስንላላክ፣ የእናቷን ማሰሮ እንድመልስም ሆነ ልደቷ ላይ እንድመጣ ስትጠይቀኝ፣ «ዲር ኦንቲ» ብላ ትጀምርና በ«ዩርስ ሲንሲርሊ» ትዘጋለች። ስሜን ታውቀዋለቻ!

ልጅ ያድጋል። ሪና ለትምህርት ውጭ ሄደች፣ ተመለሰች፣ አገባች፣ ዌስትላንድስ መኪና የምታቆምበት ሁለት ቦታ ያለው ቤት ገባች። አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ በመስኮቴ በኩል «ሃይ ኦንቲ!» ብላ ታልፋለች። ይህን «ሃይ» አልጠላሁትም፤ ዘወር ብላ እያየችኝ፣ እየሳቀች ነበር የምትለው።

ካቻምና አባቷ ሞቱ። ለቅሶ ደረስኩ፤ እጄን ይዛ ብዙ ቆየች፤ ያን ቀን ቃል አላስፈለገንም። ከወራት በኋላ ግን ወሬ መጣ። አስካሪው፣ የግቢው ዘበኛ ማለቴ ነው፣ «ማማ፣ ሊያፈርሱት ነው እኮ» አለኝ። አሥራ ምናምን ፎቅ ሊቆም ነው፤ ሪና ከአንድ የሕንጻ ተቋራጭ ጋር ተዋውላለች። መንገዱ ሁሉ እንደዚያ እየሆነ ስለነበር አልተጠራጠርኩም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔስ?

መጠየቅ ያለብኝ ሪናን ነው። እዚህ ላይ ሊዲያን ላስተዋውቃችሁ። ሊዲያ የእህቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ላቪንግተን የምትኖር፣ እሑድ ቸርች የምትዘምር፣ አማርኛዋ አንቺንና አንቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያጋባ ልጅ። እሷ ልትጠይቀኝ በመጣችበት ቀን ለሪና ያዘጋጀሁትን የደብዳቤ ረቂቅ አሳየኋት። «ዲር ማዳም» ብዬ ጀምሬ፣ የተከራይነቴን ዘመን ጠቅሼ፣ የወደፊት ዕጣዬን በጽሑፍ እንድታሳውቀኝ ጠይቄ፣ «ጉዳዩ አፋጣኝ ትኩረትዎን እንደሚያገኝ እተማመናለሁ» ብዬ፣ በ«ዩርስ ፌይዝፉሊ» ዘግቻለሁ።

አንብባ ስትጨርስ ጭንቅላቷን ያዘች። «እቴቴ! ኖ! ይኼ እኮ የኮርት ነገር ነው የሚመስለው።»

«ምኑ?»

«ኤቭሪቲንግ! ሪና ናት እኮ! እንዲህ በያት፦ ሃይ ሪና፣ ሰላም ነሽ? የቤቱን ነገር ሰማሁ፣ ትንሽ ጨንቆኛል፣ መጥተሽ ሻይ እንጠጣ? በቃ። ከዚያ አንድ ልብ።»

«ምን ልብ?»

«ልብ ነዋ፤ ቀይዋን።» ስልኳን አሳየችኝ።

«አሁን የቤቱ ጌታ እሷ ናት። አባቷን ተክታለች። አባቷን አንቱ ስል ኖሬ እሷን በ«ሃይ» ላልፋት ነው?»

«እንግሊዝኛ አንቱ የለውም እኮ እቴቴ።»

«እኔ አለኝ።»

«አይ ሚን፣ አንቺ ደግሞ ሲቆጡ...» አለችና ተወችው። አያችሁ፣ አንቺም አንቱም ሆንኩ።

እንግዲህ ፍረዱ። ቤቱን ለመለመን ነው የምጽፈው። ሰው ሲለምን ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል የሚለምነውን ከፍ ያደርጋል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እኛ ዘንድ ልጅ አፉን ሲፈታ አብሮ የሚፈታው ነገር ነው። በ«ሃይ» የተጀመረ ልመና እኔ ዘንድ ልመና አይደለም፤ ትከሻ መነቅነቅ ነው። የራሴን ላክሁ። ላክሁና ኮማዎቹን በልቤ አንድ ባንድ እየከለስኩ ተኛሁ። እንከን አልነበረበትም።

መልሱም እንከን አልነበረበትም። «ዲር ማዳም» ይላል። ደብዳቤዎ ደርሶናል ይላል። ንብረቱ ለልማት ስለሚፈለግ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ እንዲያስረክቡ ይላል። «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ይልና ከሥሩ የሪና ፊርማ አለ፤ የ«አር»ን ጭራ የምትጠመዝዝበትን መንገድ በረንዳዬ ላይ ነው የለመደችው። ኮማዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። እኔ ነኛ ያስተማርኳት!

ቁጭ አልኩ። ስሜን አታውቀውም? የሠላሳ ዓመት ኦንቲ ስሟ ጠፋ? ለጦጣው እንጽፍ የነበረው እኮ ነው! ሳምቡሳ ለሰረቀ ጦጣ የጻፍነውን፣ ያንኑ፣ ቃል በቃል ለእኔ መለሰችው።

ሊዲያ መጣች፤ አነበበችው፤ እኔን ሳታማክር ስልኳን አወጣችና ሪና ጋ ደወለች። በድምፅ ማጉያው ስለነበር ሰማሁ። ያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እንደሚሆንልኝ አድርጌ ነው የማወራችሁ።

«ሪና፣ እቴቴን ልታስወጫት ነው? ሲሪየስሊ?»

ሪና፣ «ኦንቲ ጠበቃ ይዛለች አይደል?» አለች።

«ጠበቃ? እቴቴ? ኧረ የት ታውቀዋለች!»

«ታዲያ ያ ደብዳቤ ምንድን ነው? ዲር ማዳም ብላ ጻፈችልኝ እኮ። እኔን! መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ጦጣው ዲር ማዳም ብሎ ጽፎልኝ ያውቃል፣ እሷ ናት የጻፈችው። ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ቀልዱን እስከ መጨረሻው ድረስ ፈለግኩት። ሁለቴ አነበብኩት ሊዲያ። ቀልድ የለውም። አላውቅሽም ነው ያለችኝ። አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ አላውቅሽም! ለጠበቃው አሳየሁት፤ እንደዚያ ከጻፈች እንደዚያው መልሱላት አለ። ፈረምኩ።»

ሊዲያ ወደ እኔ ዞረች። ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችልኝ። መናገር ትችያለሽ፣ በዓይኗ ነው ያለችኝ።

ምን ልበል? «ያ እኮ አንቱ ማለቴ ነበር» ልበል? በየትኛው እንግሊዝኛ? ያቺን ልጅ ከአንቺ ወደ አንቱ ያስወጣኋት እንደ አባቴ በር ላይ ወንበር አድርጌ ተቀምጬ አልነበረም፤ ከፍ ላደርጋት ብዬ ነው። ይህን የሚያስረዳ ዓረፍተ ነገር በዚያ ቋንቋ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼ አላገኘሁም፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ በሰው ስልክ፣ ከየት አመጣዋለሁ? ደግሞስ ለምን እኔ? አንድ ስልክ መደወል አቃታት? ዌስትላንድስ ከፓርክላንድስ በእግር ይደረሳል። ስልኩን በመዳፌ ወደዚያ ገፋሁት።

በማግስቱ ሪና መልእክት ላከች። «ሃይ ኦንቲ» ይላል። ስለ ደብዳቤው በጣም አዝናለሁ ይላል። ቤቱ መፍረሱ አይቀርም፤ አዲሱ ሕንጻ ሲያልቅ ግን ምድር ቤት ካሉት አፓርታማዎች አንዱን ላንቺ ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ ደብዳቤው የመጣው ልነግርሽ ስል ነው፣ አሁንም ያንቺ ነው ይላል። መጨረሻው ላይ ያቺ ቀይ ልብ አለች። «ላንቺ» ያልኩት እኔ ነኝ እንግዲህ፤ እሷ ያለችው «ዩ» ነው። ያቺ «ዩ» አንቺ ትሁን አንቱ ትሁን፣ ከሪና ልብ ትሁን ከጠበቃዋ፣ እያየኋት ልትነግረኝ አልቻለችም። መጀመሪያ የጠየቅኳችሁ ጥያቄ ይኸው ነው።

አሁን ላቪንግተን ነኝ፤ ሊዲያ ቤት። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ መስኮቱ የጎረቤት አጥርና የኤሌክትሪክ ሽቦ ያሳያል። ጦጣ አይመጣም። መጻሕፍቶቼ ግማሾቹ በካርቶን ውስጥ እንደታሸጉ ናቸው። ባለፈው ጥቅምት ሊዲያ በፓርክላንድስ በኩል ስታሳልፈኝ አስካሪው አዲሱ ቆርቆሮ አጥር ሥር ቆሞ እጁን አውለበለበልኝ፤ ከአጥሩ በላይ ሐምራዊ ነገር ፈለግኩ። ሰማይ ብቻ ነበር። ሊዲያ «ፖሌ እቴቴ» አለችኝ፤ አይዞሽ ማለቷ ነው፣ በስዋሂሊ።

የሪና መልእክት እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ። ሊዲያ እሑድ እሑድ ከቸርች ስትመለስ አጠገቤ ቁጭ ትላለች። ስለ ይቅርታ ተሰብኮላት ነው የምትመጣው፤ በፊቷ ይታወቃል።

«እቴቴ፣ መጻፍ አያስፈልግም እኮ። ቀይዋን ልብ ጫን ማድረግ ነው። አንድ ጣት ብቻ። ሪና ይገባታል።»

«ምኑ ነው የሚገባት?»

«ይቅር እንዳልሻት ነዋ።»

ስልኬን ከእጇ ተቀበልኳት፣ መነጽሬን አደረግኩ፣ ልቧን አየኋት። የሚስስ ኩሪያን ሕግ እንደሆነ ስለ ልብ የሚለው ነገር የለም። ስልኩን አጥፌ መለስኩላት።

ሪናን ይቅር አላልኳትም። ጠበቃዋን ይቅር አላልኩትም። የቁምጣውን አለቃ፣ ሚስስ ኩሪያንን፣ በር ላይ የተቀመጠውን አባቴንም ይቅር አላልኩም። ሊዲያ «ራስሽንስ?» ትለኛለች። ሳምቡሳውን የበላው ጦጣ ሞቶ ቢሆንም እሱንም ይቅር አላልኩም። ማንንም ይቅር አልልም።